የደከመ ልጅና አስጠኚው፦ ከሎሕ እስከ ደብተር



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። የተከበራችሁ የፕሮግራማችን ተከታታዮች፤ በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ በብዙ ቤት ስለሚነሳ ጉዳይ እንነጋገራለን። ልጁ ካርዱን ይዞ ይመጣል፤ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ወድቋል። አባት ይቆጣል፣ እናት ታዝናለች፤ ጥቂት ቆይቶ «አስጠኚ እንፈልግለት» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ማን ይሁን? ስንት ይከፈለው? ለመሆኑስ ልጁ አስጠኚ ያስፈለገው ሰንፎ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?

ጥያቄውን የምናነሳው ጅግጅጋንና በሰሜናዊው የሶማሌ ክልል የሚገኙትን ከተሞች፣ ማለትም ቀብሪበያህን፣ አውበሬን፣ ቶጎ ውጫሌን፣ ሐርትሼክንና ሽንሌን እያሰብን ነው። በእነዚህ ከተሞች የልጅ ትምህርት ያለፈበትን መንገድ ያወቀ ወላጅ ልጁን «ደደብ» ብሎ ከመስደቡ በፊት ቆም ብሎ ያስባል። ደግሞም አስጠኚ መያዝ ዛሬ ከውጭ የመጣ የሀብታም ልማድ የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ ከኢስላም ታሪክ ጋር እኩል ዕድሜ ያለው መሆኑን ቀጥለን እንመልከት።

የበድር ምርኮኞችና አሥር ልጆች

በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ የበድር ዘመቻ ሲጠናቀቅ ከመካ ሰዎች የተማረኩ ነበሩ። ከእነርሱም ለነጻነታቸው የሚከፍሉት ገንዘብ የሌላቸው፣ ነገር ግን መጻፍ የሚያውቁ ተገኙ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳቸው አሥር የመዲና ልጆችን ጽሕፈት እንዲያስተምሩና ይህም ቤዛቸው እንዲሆን መወሰናቸውን የሲራ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ዘገባው እንደሚለው ምርኮኛው ነጻ የሚወጣው ልጆቹ ጽሕፈቱን በሚገባ ሲችሉ ነበር።

በዚህ ውስጥ ሦስት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ አስተማሪው የተመረጠው በሚያውቀው ሙያ ነው፤ በዘሩ ወይም በወዳጅነቱ አልተመረጠም። ሁለተኛ፣ የልጆቹ ቁጥር ተወስኗል፤ አንድ ሰው ሊከታተለው ከሚችለው በላይ አልተጫነበትም። ሦስተኛ፣ ክፍያው የተያያዘው ከልጁ ችሎታ ጋር እንጂ ከተቆጠሩ ቀናት ጋር አይደለም።

በዚያ ጊዜ ጽሕፈት ከተማሩት የአንሷር ልጆች አንዱ ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ) እንደሆኑ ተዘግቧል። ያኔ ገና አሥራዎቹ ውስጥ ያሉ ልጅ ነበሩ። ቆየት ብለው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትዕዛዝ የአይሁዶችን ጽሕፈት በግማሽ ወር ገደማ ተማሩ። በአቡበክር (ረ.ዐ) ኺላፋ ዘመን ቁርኣን በአንድ ጥራዝ እንዲሰበሰብ ሲወሰን ከባዱ ኃላፊነት የተጣለው በእኚሁ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። በልጅነት የተገኘ አንድ አስተማሪ ምን እንደሚያፈራ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አንሻም።

የኸሊፋው ልጆች አስተማሪ

በዐባሲዮች ዘመን ለኸሊፋ ልጆች ቤት ድረስ እየሄደ የሚያስተምር ሰው «ሙአዲብ» ይባል ነበር። ትርጉሙ አደብ አስተማሪ ማለት ነው። ኸሊፋ ሃሩን አረሺድ ለልጆቻቸው ለአሚንና ለመእሙን ከመረጧቸው አስተማሪዎች አንዱ በ189 ዓመተ ሒጅራ ገደማ ያረፉት ኢማም አል-ኪሳኢይ ናቸው። ከሰባቱ የቁርኣን ቂራኣት ኢማሞች አንዱ መሆናቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን እኚህ ሊቅ የዐረብኛ ሰዋስው መማር የጀመሩት ዘግይተው መሆኑን ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉት እንደሚያወሱት፣ አንድ ቀን በእግር ተጉዘው ደክሟቸው ከሰዎች ጋር ሲቀመጡ «ደከመኝ» የሚለውን ቃል አሳስተው ተናገሩ፤ ሰዎቹም ነቀፏቸው። በዚህ አፍረው ከትምህርት አልሸሹም፤ እንዲያውም አስተማሪ ፍለጋ ተነሡ። ወደ በስራ ሄደው ከኸሊል ኢብን አሕመድ ዘንድ ተቀመጡ፤ ቀጥሎም ንጹሕ ዐረብኛ ወደሚነገርበት በረሃ ወረዱ። በቃል ከያዙት ሌላ አሥራ አምስት ብልቃጥ ቀለም እስኪያልቅ ጽፈው እንደተመለሱ ይነገራል። የኸሊፋ ልጆች አስተማሪ የሆኑት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ልጁ በሦስተኛ ወይም በአምስተኛ ክፍል ወደኋላ የቀረበት ወላጅ ይህን ታሪክ ለልጁ ሊነግረው ይገባል።

በ808 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት የታሪክ ሊቁ ኢብን ኸልዱን በሙቀዲማቸው ውስጥ ሃሩን አረሺድ ለአሚን አስተማሪ የሰጡትን መመሪያ ጠቅሰዋል። የመመሪያው መንፈስ፣ ልጁ በየሰዓቱ አንድ ጥቅም እንዲያገኝ፣ ነገር ግን አእምሮው እስኪሞት እንዳይጨነቅ፣ ሥራ ፈትነት እስኪጥመውም ልል እንዳይባልለት የሚል ነው። ኢብን ኸልዱን ራሳቸውም በትናንሽ ልጆች ላይ ጭካኔ ማብዛት ልጁን ለውሸትና ለማስመሰል እንደሚዳርገው፣ ትምህርትም በአንድ ጊዜ ሳይጫን ደረጃ በደረጃ ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ መሰጠት እንዳለበት አስተምረዋል። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ምክር ዛሬ አስጠኚ ለሚቀጥር ወላጅ የተጻፈ ይመስላል።

ሎሕ፣ መዓሊንና ከቢር

ከባግዳድ ወደ አገራችን እንመለስ። በሶማሌዎች ዘንድ የቁርኣን ትምህርት ቤት «ዱግሲ» ይባላል፤ አስተማሪው «መዓሊን»፣ የልጁ የእንጨት ሰሌዳ ደግሞ «ሎሕ» ነው። ቀለሙ ከከሰል ዱቄትና ከሙጫ ይዘጋጃል። አርብቶ አደሩ ሲንቀሳቀስ መዓሊኑም አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ዱግሲው ዛፍ ጥላ ሥር ወይም በእሾህ አጥር ውስጥ ሊሆን ይችላል። ክፍያው እንደ ቤተሰቡ አቅም በከብት፣ በእህል ወይም በገንዘብ ሲሆን ልጁ ቁርኣኑን ሲያኸትም መዓሊኑ ዋናውን ስጦታ ያገኛል። የበድሩን ውል ያስታውሰናል።

የዱግሲው ትልቁ ጥበብ ሎሑ ላይ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ሎሕ፣ በሎሑም ላይ የራሱ ትምህርት አለው። አንዱ አጫጭር ሱራዎች ላይ ሲሆን ሌላው አልፎ ሄዷል፤ ሁለቱ ግን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ልጁ የተጻፈለትን በቃሉ ካልያዘ ሎሑ አይታጠብም፤ አዲስ ትምህርትም አይጻፍለትም። አንድ ሳምንት የሚፈጅበት ሳምንት ይፈጅበታል። መዓሊኑ ሁሉንም ብቻውን መድረስ ስለማይችል ቀደም ብሎ የተማረ ተማሪ ይረዳዋል፤ እርሱም «ከቢር» ይባላል። ታናናሾቹን ቁጭ አድርጎ ፊደል የሚያስቆጥረው፣ የተሳሳተውን የሚያርመው ከቢሩ ነው። በዛሬ ቋንቋ ስንናገር ከቢር ማለት አስጠኚ ነው። በሐረርም «ከቢር» የአስተማሪ ዓሊሞች የማዕረግ ስም ሆኖ ኖሯል።

ለጀማሪ ልጅ የዐረብኛ አናባቢ ምልክቶች እንደሚያስቸግሩ ማንም ያውቃል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደኖሩ የሚነገርላቸውና መቃብራቸው ከሐርጌሳ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው ሸይኽ ዩሱፍ አል-ከውነይን፣ ሕዝቡ «አው በርኸድሌ» የሚላቸው፣ ለዚህ መፍትሔ እንዳበጁ ይወሳል። ልጁ በማያውቀው ቋንቋ «ፈትሓ፣ ከስራ፣ ደማ» ከማለት ይልቅ በሶማልኛ «አሊፍ ላ ኮርዸበይ፣ አሊፍ ላ ሆስዸበይ፣ አሊፍ ላ ጎደይ» እያለ እንዲቆጥር አደረጉ። «ኮር» ላይ፣ «ሆስ» ታች ማለት ነው፤ ልጁ ምልክቱ ከላይ መሆኑን፣ ከታች መሆኑን ወይም መጉበጡን በእናቱ ቋንቋ እየሰማ ድምፁን ይለያል። ይህ አቆጣጠር በሶማሌ ዱግሲዎች ለብዙ መቶ ዓመታት አገልግሏል። ትምህርቱ ለልጁ ሲከብድ ሸይኹ ያቀለሉት መንገዱን ነው፤ ከትምህርቱ ግን ምንም አልቀነሱም።

ከዱግሲ ያለፈውና ዕውቀት የጠማው ወደ ሐረር ይጓዝ ነበር። ሐርጌሳ ከተማ የተቆረቆረችው በዙሪያቸው እንደሆነ የሚታወቁት ሸይኽ መደር በሐረር የተማሩ ናቸው። ጅግጅጋ የምትገኘው በዚሁ ከሐረር ወደ ሐርጌሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አስተማሪ ፍለጋ መሄድ ለዚህ አካባቢ ሰው አዲስ ነገር እንዳልሆነ መንገዱ ራሱ ምስክር ነው።

በአንድ ቤት ሦስት ፊደል

የዛሬው ልጅ ለምን ይቸገራል ስንል ደግሞ የቅርቡን ታሪክ ማየት አለብን። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጅግጅጋ ገዥ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1909 ዓ.ም. አካባቢ፣ ከተማዋን መንገዶቿ ቀጥ ብለው እንዲገናኙ አድርገው እንደቀየሷት በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ከተማዋ የገበያና የአስተዳደር ማዕከል ሆና ስታድግ ሶማልኛ፣ ዐረብኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ ይሰሙባት ጀመር። ጣልያን ከወጣ በኋላም እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ድረስ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆየች።

በንጉሡ ዘመን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ነበር። የሶማሌ ልጅ በቤቱ ሰምቶት በማያውቀው ቋንቋ ሒሳብ ይማር ነበር ማለት ነው። በጥቅምት 1965 ዓ.ም. የሶማሊያ መንግሥት ሶማልኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ወሰነ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. በጦርነቱ ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ በየካቲት ወር 1970 ዓ.ም. መጨረሻ ተመልሳ ተያዘች። በዚያ ጦርነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ፤ ከተሰደዱት ልጆች መካከል ትምህርት ቤት የገቡት በላቲን ፊደል ሶማልኛ ተማሩ። በአገር ውስጥ የቀሩትን ደግሞ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደረሰባቸው። ዘመቻው በተካሄደባቸው አሥራ አምስት ቋንቋዎች ውስጥ ሶማልኛ ነበረ፤ የሚጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ነበር።

በ1980 ዓ.ም. የሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ሲነሳ ስደቱ አቅጣጫውን ለወጠ። ሐርትሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ሆነ፤ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። ቀደም ሲል ከኢትዮጵያ ተሰደው የነበሩት ብዙዎችም አብረው ተመለሱ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን ሲፈቅድ የሶማሌ ክልል ልጆች በላቲን በሚጻፍ ሶማልኛ መማር ጀመሩ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው።

እንግዲህ አንድ የጅግጅጋ ቤተሰብ እናስብ። አያት የተማሩት ሎሕ ላይ፣ በዐረብኛ ፊደል ነው። አባት የተማረው በአማርኛ፣ በግዕዝ ፊደል ነው። ልጁ የሚማረው በሶማልኛ፣ በላቲን ፊደል ሲሆን ነገ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ሦስቱም ማንበብ ያውቃሉ፤ ሆኖም አባት የልጁን የሳይንስ መጽሐፍ ገልጦ ሊያስረዳው ይቸገራል። ይህ የአባት ድንቁርና አይደለም፤ የልጁም ስንፍና አይደለም። ታሪክ በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ፊደል አስቀምጦ ስላለፈ ነው። በሌላ አገር የተማረ ወላጅ ልጁን ማታ ማታ የሚረዳበትን ቦታ እዚህ የሚሞላ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። አስጠኚ የምንለው እርሱን ነው።

በዚህ ላይ ዘመናዊው ክፍል ሎሕ የለውም። ጥቁር ሰሌዳው ደወል ሲደወል ይጠፋል፤ የገባውም ያልገባውም ልጅ ነገ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። በብዙ ተማሪ በተጨናነቀ ክፍል መምህሩን ብቻ መውቀስም ፍትሕ አይደለም። ያልታጠበ ትምህርት እየተደራረበ ሄዶ የሚታየው ግን በስተመጨረሻ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። እነዚህ ልጆች የወደቁት በፈተናው ሳምንት አይደለም። ብዙዎቹ ወደኋላ የቀሩት ገና ታች ክፍል ሳሉ ነው፤ ያኔ ከቢር አላገኙም።

አስጠኚ ስንመርጥ

ከአባቶቻችን ልምድ ተነስተን ለወላጆች የሚከተለውን እናስታውሳለን።

አንደኛ፣ ልጁ የቆመበትን እንወቅ። አስጠኚ ከመፈለጋችን በፊት ትምህርት ቤት ሄደን የክፍል ኃላፊውን እንጠይቅ። ማታ ልጁ ከእርሱ ክፍል ሁለት ዓመት ዝቅ ካለ መጽሐፍ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብልን፤ ካስቸገረው ወደ ታች እንውረድ። ሳይቸገር ያነበበበት ቦታ ሎሑ የታጠበበት ቦታ ነው፤ ትምህርቱ ከዚያ ይጀምራል። ዓይኑና ጆሮው ደህና መሆናቸውንም እናስመርምር። በፈረቃ የሚማር ልጅ ግማሹን ቀን ዱግሲ፣ ግማሹን ትምህርት ቤት ውሎ ማታ ሱቅ የሚጠብቅ ከሆነ የደከመው አእምሮው ሳይሆን አካሉ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ በምርጫ አንቸኩል። ኢማም አዝ-ዘርኑጂይ ስለ ዕውቀት ፈላጊ አደብ በጻፉት ታዋቂ ኪታብ ተማሪው አስተማሪ ለመምረጥ ሁለት ወር ያህል እንዲያስተውል ምክር አስፍረዋል፤ መምረጥና መቀያየር ልጁን ይጎዳዋልና። ለጀማሪም የዕለቱ ትምህርት ሁለት ጊዜ ደግሞ ሊይዘው የሚችለው ያህል ይሁን ብለዋል። አስጠኚው ብዙ ምዕራፍ በአንድ ሳምንት እጨርሳለሁ ካለን እንጠራጠር።

ሦስተኛ፣ አስጠኚው የልጁን ቋንቋ ይቻል። እንግሊዝኛውን በሶማልኛ ማስረዳት የማይችል ሰው፣ ዕውቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ለጀማሪ ልጅ አይመችም። የአው በርኸድሌ ትምህርት ይኸው ነው። በጅግጅጋ የዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተማሪዎች አሉ፤ በትናንሾቹ ከተሞችም ጥሩ ውጤት ያላቸው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች አይጠፉም። ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ጥሩ ከቢር ይሆናሉ።

አራተኛ፣ ውሉ ግልጽ ይሁን። በሳምንት ስንት ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ በወር ስንት ብር እንደሆነ አስቀድመን እንስማማ። የሠራተኛ ዋጋ ሳይዘገይ እንዲከፈል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸው የታወቀ ነው። በክፍል ውስጥ ልጁን የሚያስተምረውና ውጤት የሚሰጠው መምህር ራሱ በገንዘብ ሲያስጠናው ግን ለመምህሩም ለልጁም ፈተና ስለሚሆን ቢቀር ይሻላል።

አምስተኛ፣ አማናውን እንጠብቅ። ጥናቱ በር ተከፍቶ፣ ቤተሰብ ባለበት ክፍል ይሁን። ለሴት ልጅ ሴት አስጠኚ እንፈልግ፤ ካልተገኘች እናት ወይም ወንድም አብሮ ይቀመጥ። ሴት ልጅን «ማግባቷ አይቀርም» ብሎ ከአስጠኚ መከልከል ደግሞ በደል ነው፤ የነገዋ እናት የልጆቿ የመጀመሪያ ከቢር ናትና።

ስድስተኛ፣ የቤት ሥራውን ልጁ ይሥራው። አስጠኚው ከሠራለት ደብተሩ በ«ራይት» ይሞላል፣ ጭንቅላቱ ግን ባዶ ይቀራል። በየወሩ መጨረሻ ልጁ የተማረውን በራሱ አፍ ለእናቱ ወይም ለአያቱ ይንገር። አያት እንግሊዝኛ ባያውቁም ልጅ ሲንተባተብና ሲተማመን ለይተው ያውቃሉ።

አቅም የሌለውስ ምን ያድርግ? ሦስት ወይም አራት ጎረቤቶች ልጆቻቸውን አንድ ላይ አድርገው ክፍያውን ሊካፈሉ ይችላሉ፤ ሆኖም ቁጥሩ ከአሥር አይለፍ። የመስጂድ ጀመዓዎችም ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ ታላላቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቹን በመስጂዱ ግቢ እንዲያስጠኑ ቢያደርጉ ወጪው ጥቂት፣ አጅሩ ብዙ ነው። በተለይ የየቲም ልጆችና ከስደት የተመለሱ ቤተሰቦች ልጆች የሚደርስላቸው ያስፈልጋቸዋል። ለአስጠኚ ክፍያ የሚሆን ሰደቃ የሚሰጥ ነጋዴ ለአንድ ልጅ የዘለቄታ ስንቅ እንደሰጠ ይቁጠረው።

ውድ ተከታታዮቻችን፤ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) እንኳ ዕውቀት እንዲጨመርላቸው ጌታቸውን እንዲለምኑ በቁርኣን ታዘዋል። ልጃችን ጨምሩልኝ የሚልበት አንደበት ባይኖረው፣ ዝቅ ያለው ካርዱ ይናገርለታል። በሚቀጥለው ጊዜ ካርዱ ሲመጣ ከቁጣ በፊት የት ቦታ ላይ እንደቆመ እንጠይቀው፤ ከዚያም ከቆመበት የሚያነሳውን ሰው እንፈልግለት።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ያላብስልን፤ መምህሮቻችንንና መዓሊኖቻችንን በሥራቸው ይባርክልን፤ ያለፉትንም በራሕመቱ ይቀበልልን። አሚን።